ማሳው ነው ብለው ነበር

የጭነት መኪናው ማታ ደህና ነበር አለ ሹፌሩ። ሹፌሮች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት። የሞተ መኪና ሁሉ ማታ ደህና ነበር፤ የሞተ ሰውም እንዲሁ፤ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ «ትናንት እኮ አብረን ነበርን» የሚል አታጡም። ማታ ሲያቆመው የፊት መብራቱ ደክሞ፣ የጡሩምባው ድምፅም ቀጥኖ እንደነበር ያመነው በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ማመኑ ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት ነው።

ቁልፉን በግማሽ ሲያዞረው የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ ይበራሉ። ሹፌሩም «ሐምዱሊላህ» ይላል። ሞተሩን ለማስነሳት እስከ መጨረሻው ሲያዞረው ግን ከታች አንድ ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማና ሁሉም ነገር ድርግም ይላል። ቁልፉን መልሶ ጥቂት ከጠበቀ መብራቱ ይመለሳል። ያዞረዋል፤ ቀጭ፤ ድርግም። ከጎረቤት መኪና ባትሪ ተበድሮ አያያዘ፤ ያው ነው። የራሱ ባትሪዎች ገና አዲስ መሆናቸውን ማለ፤ ይህስ እውነት ነበር።

ይህ የሆነው ካርቱም፣ ዴም በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ እኔ ከተከራየሁበት ግቢ በር ላይ ነው። ጦርነቱ ገና አልመጣም ነበር። ስለዚህ የሚያልፈው ሪክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ ሁሉ የቆመውን መኪና ከዓለም ችግሮች ትልቁ አድርጎ ቆጥሮ ጡሩምባውን ይነፋብን ነበር።

መኪናው መነሳት የነበረበት በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። የወሎ ሰው ናት፤ አርካዊት ሠፈር በአንድ ቤተሰብ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። እናቷ ወሎ ውስጥ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ልጄን ሳላይ አልሞትም ትላለች። ልጅቱ ለመሄድ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ እዚያ ኹሩጅ ይሉታል። ኹሩጅ ለማግኘት ደግሞ አሠሪዋ መፈረም አለበት። አሠሪውን ዓረብኛው ከፊል ይለዋል፤ በእኛ ቋንቋ ከፊል ማለት ጎዶሎ መሆኑ ለእኔ ሁልጊዜ ትርጉም ይሰጠኝ ነበር። ሰውዬው ስምንት ወር አመላልሷት፣ በመጨረሻ ፈረመና በሳምንቱ ለሕክምና ካይሮ ሄደ። ፈቃዱ የሚያበቃው መኪናው እምቢ ባለ በማግስቱ ነው። በማግስቱ ጋላባት ላይ ያለው የድንበር ቢሮ ሳይዘጋ ማኅተም ካልተመታላት ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ እንደገና የሚፈርምላት ሰው ደግሞ አገር ውስጥ የለም።

በአውቶቡስ ለምን አልሄደችም የሚል ይኖራል። ለእናቷ ወፍራም ፍራሽ ገዝታለች፤ እናቷ ከመተኛት ብዛት ጀርባዋ ቆስሏል። አውቶቡሱ ፍራሹን አልጭንም አላት። ሹፌሩ ደግሞ ሰሊጥ ለመጫን ባዶውን ወደ ገዳሪፍ ወጪ ነው፤ ለአገር ልጅ ብሎ ድንበር ድረስ ሊያደርሳት ተስማማ። ያስማማኋቸው እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጥተው ገዳሪፍ ያድራሉ፣ በማግስቱ ከቀትር በፊት ጋላባት ናቸው። ሒሳቡ ቆንጆ ነበር።

በዴም ኡስታዝ ይሉኛል። ማስተማር ትቻለሁ፤ የምኖረው የሰውን ወረቀት ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ በመተርጎም ነው። የልደት ምስክር፣ የጋብቻ ውል፣ አቤቱታ። የእሷንም አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከፊሉ ስምንት ወር የፈጀበት ምናልባት ዓረብኛዬ ስለከበደው ይሆናል እያልኩ እቀልድ ነበር። ስለ እጅ ሥራ ሰዎች የሚጻፈውን ውዳሴ አልወድም፤ «እጁ ያውቃል፣ አፉ ግን አይናገርም» የሚሉትን ዓይነት። የዚያን ቀን መካኒኩ በአፉ ሁሉንም ነገር ተናግሮ ነበር። የተበላሸው ጆሮ ነው፤ ጆሮውም የእኔ ነበር።

መካኒኩ ጎረቤቴ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በወጣትነታቸው ሁመራ እርሻ ላይ ትራክተር ይጠግኑ ነበር፤ ካርቱም ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ መኪና ሥር አይገቡም፤ በዱላ ይሄዳሉ። ዓረብኛቸው ሰላምታ፣ ዳቦ መግዣና ስድብ ነው። መኪናን የሚያክሙት ደግሞ እንደ ማንኛውም የአገራችን መካኒክ በጣሊያንኛ ነው፤ ማስነሻውን ሞተሪኖ፣ ሻማውን ካንዴላ፣ ማርሹን ካምቢዮ ይላሉ። ጣሊያን አገራችንን ለቆ ሲወጣ ከሞተር ክዳን ሥር ረስተነው ቀርቷል።

የፕላስቲክ ወንበር አወጣሁላቸው። ተቀመጡና ሹፌሩን እንደገና አዙረው አሉት። አዞረው። ቀጭ አለ፤ ጠፋ። ሁለተኛ ማዳመጥ አላስፈለጋቸውም።

«ሞተሪኖው ደህና ነው፤ ባትሪውም ደህና ነው። ማሳው ነው» አሉ።

ሰዓቱ ሦስት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እዚያው ላይ ማለቅ ይችል ነበር። እሳቸው ግን መጎንበስ አይችሉም፤ ሹፌሩ ሽቦ ይፈራል፤ እኔ ደግሞ አምፖል የምለውጠው ጎረቤት ጠርቼ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ኢንዱስትሪ ሠፈር ለሚያውቀው ሱዳናዊ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደወለ። ሙያውን በዓረብኛ ከህረብጂ ይሉታል። ድልድዩ ተጨናንቆበት አራት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ዝግ ያለ፣ ጨዋ ሰው፤ መሣሪያው ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት አንድ ትንሽ አምፖልና ቢላዋ።

ለሁላችንም ሰላምታ ሰጠ፤ ሽማግሌውን ሐጅ አላቸው። ማተባቸው ከሸሚዛቸው ወጥቶ ይታያል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐጅ ሲባሉ አንድ ቀንም አላረሙም። ከህረብጂው ሐጁ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሹፌሩ አንድ ነገር ልናገር። እዚያው ዴም ከሐበሻ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው፤ መኪናን የሚያውቀው በዓረብኛ ብቻ ነው፣ አማርኛው ደግሞ ሴትና ወንድ ይደባለቅበታል። ያንኑ ጠዋት «መኪናው እኮ አዲስ ባትሪ አለች» ብሎ አርሜው ነበር። ከህረብጂው ሲጠይቅ ወደ እኔ ዞረና «ያ ኡስታዝ፣ ማሳ ሹኑ?» አለኝ፤ ማሳ ምንድነው ማለቱ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፤ የጠየቀው ግን የተሳሳተውን ሰው ነው።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ከእኔ ወዲያ ተቀምጠዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ቀለድኩ፤ ማሳ በአማርኛ የእርሻ መሬት እንደሆነ፣ የሁመራ ሰው ከመኪና ውስጥም እርሻ እንደማያጣ ተናገርኩ። ቀጥሎ ትምህርት ሰጠሁ። ሱቅ በተቃጠለ ቁጥር የካርቱም ጋዜጣ መንስኤው ማስ ነው ይላል፤ ሁለት ሽቦዎች ተነካክተው እሳት ሲፈጥሩ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ካርቱም የኖረ ሰው ማስ የሚለውን ማሳ ቢለው ምን ይደንቃል፤ የእኛ ሰው የባዕድ ቃል መጨረሻውን ባዶ መተው አይወድም፤ አንዲት አናባቢ ጣል ያደርግበታል። ስለ ቃላት ስደት አንድ ጊዜ ረጅም መጣጥፍ ጽፌያለሁ። ሹፌሩ በአክብሮት አዳመጠኝ።

ለከህረብጂው «ማስ ነው ይላሉ» አልኩት።

ሰውዬው ግንባሩን አኮማተረ። ማስ ቢሆን ኖሮ ፊውዝ ይቃጠል ነበር፤ ሽታም ይኖር ነበር አለ። እሱ ከባትሪው ወፍራም ገመዶች መጀመር ነበር የፈለገው። ወደ ሽማግሌው ዞሬ ፊውዙስ ይላል አልኳቸው፤ የተረጎምኩት ይህችን ያህል ነው። እሳቸውም «ፊውዙን ምን ያደርግለታል፤ ማሳውን ይፈልግ» አሉና በዱላቸው ከባትሪው ሳጥን ሥር ወዳለው የሻንሲ ብረት ጠቆሙ። ከዚያ ዱላው መሬት ነካ። እኔ «ፊውዙን ተወው፣ ማሱን ፈልግ፣ ታች ነው ይላሉ» አልኩ። ከህረብጂው ሐጁ ካሉ እሺ ብሎ ቢላዋውን አወጣ። ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው አይደለም የታዘዘው፤ ሽማግሌ እንደሚያከብር ሰው ነው።

ማስ ሲፈለግ እንዴት እንደሚፈለግ ያን ቀን አየሁ። ሽቦዎቹ እንደ አንጀት ተጠቅልለው ከፊት እስከ ኋላ በሻንሲው ጎን ይሄዳሉ፤ ጥቅሉን ይፈቱታል፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይለያሉ፣ የጠረጠሩትን ይቆርጣሉ፣ በአምፖሉ ይሞክራሉ። ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ አንድ ክንድ ይፈታል፤ የለም። ሌላ ክንድ ይፈታል፤ የለም። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሽቦ አቧራው ላይ ይዘረጋል። የሌለ ነገር ሲፈለግ ሥራው አያልቅም።

ሴትየዋ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣለች። ፓስፖርቷና ኹሩጇ በላስቲክ ተጠቅልለው ቀሚሷ ውስጥ ደረቷ ላይ ናቸው፤ በየጊዜው በእጇ ትነካቸዋለች። ዓረብኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ እኔ የምናገረው የመጽሐፍ ነው፣ እሷ የምትናገረው የሰው ነው። ከህረብጂው ማስ ቢሆን ፊውዝ ይቃጠል ነበር ሲል ሰምታለች፤ የሽማግሌውንም አማርኛ ሰምታለች። ቀረብ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ አባባን ማሳ የሚሉት ምኑን እንደሆነ ይጠይቋቸው እስቲ» አለችኝ።

አብሽሪ አልኳት፤ በአገሯ ቃል ማጽናናቴ ነው። አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ሹፌሩ ይሰማል፤ ያንን ሁሉ ካስተማርኩት በኋላ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። ከሚና በሪ መናኸሪያ የመጨረሻው አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ፍራሹን ትቼ ልሂድ እንዴ አለችኝ። ሪክሻ ከፊታችን ቆሟል። በእርጋታ አስረዳኋት፤ በሽታው ታውቋል፣ የቀረው ቦታውን ማግኘት ብቻ ነው፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የተማረ ሰው ከነገራት ብላ ተመልሳ ሣጥኗ ላይ ተቀመጠች። ሪክሻው ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

ፀሐዩ ሲበረታ ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ሊገቡ ተነሡ። መንገዱ ላይ የተዘረጋውን ሽቦ አይተው ቆሙና ይሄ ሁሉ ምንድነው አሉ። ማሳውን እየፈለገ ነው አልኳቸው። እኔን አዩ፣ ሽቦውን አዩ።

«በሱዳን አገር ማሳ ይጠፋል እንዴ?» አሉ።

ሳቅሁ። ስለ እርሻው መሬት ስፋት የቀለዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸውም ተጨዋች ሰው ስለሆኑ ሳቁ፤ ያልገባቸውን ነገር ለሱዳናዊው ሙያ ትተውለት እንቅልፋቸውን ሊተኙ ሄዱ።

ከቀትር በኋላ ወንድሟ ከወሎ ደወለ። ድምፁ ከስልኩ ውጪ ይሰማል። እናታችን የት ደረሰች እያለች ትጠይቃለች፣ ገዳሪፍ ልትገባ ነው ብያታለሁ አለ። እሷም አዎ፣ እንደዚያ በላት አለችው። ከህረብጂው በዚያ ሰዓት የኋላ መብራቶቹ ጋ ደርሷል፤ ላቡን እየጠረገ በሕይወቴ እንዲህ የተደበቀ ማስ አይቼ አላውቅም አለኝ። ሥራው ከባድ መሆኑን ተረድቼለት ሻይ አዘዝኩለት።

ሽማግሌው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰው መጡ። ዱላቸውን ተደግፈው «ጠረጋችሁት?» አሉ።

ምኑን አልኩ። ማሳውን ነዋ አሉ። ማስ ይጠረጋል እንዴ አልኩ። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ተማሪ እንደሚጠይቅ አስተማሪ ማሳ ምን እንደሆነ ንገረኝ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ጨርሰው ሰሙኝ። ሹፌሩን ጠርተው ባትሪ የሚያበዳድሩበትን ወፍራም ገመድ እንዲያመጣ አዘዙት፤ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ እንዲያስይዝ በዱላቸው አሳዩት።

ከህረብጂው ይህንን ሲያይ ከተኛበት ተነሣ። ማንም አልተረጎመለትም። ሄዶ በሹፌሩ ጠመንጃ መፍቻ የሞተሪኖውን ሁለት ብሎኖች አገናኘ፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ዞረ፣ መኪናው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ሴትየዋ ከሣጥኗ ላይ ብድግ አለች። ዞረ፣ ዞረ፤ ግን አልያዘም። ነዳጁን የሚከፍተው ሽቦ ከተቆረጡት አንዱ ነበር።

ከህረብጂው ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ገመድ ተከትሎ በጣቱ ዳሰሰ። የታሰረበት ብሎን አረንጓዴ ዝገት ውጦታል። ለአገራችን መካኒኮች የጣሊያንኛው ማሳ ይህ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ። ዓረብኛው መሬት ይለዋል፣ አርዲ። የማሳ ችግር መነካካት ያለበት አልነካ ሲል ነው፤ ማስ መነካካት የሌለበት ሲነካ ነው። ከዚህ በላይ የሚራራቁ ሁለት በሽታዎች መኪና ውስጥ የሉም። ለመጀመሪያው የሚበቃው አንድ የአሸዋ ወረቀትና አንድ መፍቻ ነው።

«ያ ኡስታዝ፣ ሐጁ አርዲ እያሉ አንተ ማስ ትለኛለህ?» አለ ከህረብጂው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ብሎኑን በአሥር ደቂቃ ፈትቶ፣ ፍቆ፣ መልሶ አሰረው። ከዚያ አቧራው ላይ የተዘረጋውን የአምስት ሰዓት ተኩል ሥራ አየ። ይህንን መልሼ ለመቀጠል የዚህን ያህል ሰዓት ያስፈልገኛል አለ። መብራት የሌለው ሎሪ በሌሊት የገዳሪፍን መንገድ አይነካም፤ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ያስቆሙታል። ቢሆንም ጀመረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሠፈሩ መብራት ጠፋ። ነገ በጠዋት ኢንሻአላህ ብሎ ሽማግሌውን ተሰናብቶ ሄደ።

ሹፌሩ እኔን አልፎ ሴትየዋን እህቴ፣ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እኔ ራሴ አሳፍርሻለሁ አላት። አማርኛው ምንም ስሕተት አልነበረበትም።

ንጋት ላይ ሚና በሪ ሸኘናት። ፍራሹ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነው እኔ ምንም ማድረግ በማልችልበት ቦታ የሆነ ነው። አውቶቡሱ ገዳሪፍ ከቀትር በኋላ ገባ፤ ከገዳሪፍ የያዘችው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቆመ። ጋላባት ስትደርስ ቢሮው ከተዘጋ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር። ማደሪያ ፈልጋ አደረች፤ በማግስቱ ጠዋት ከመስኮቱ ፊት የመጀመሪያዋ ሰው ነበረች። ፈቃድሽ ትናንት አልቋል አሏት።

ከዚያው ደወለችልኝ። እርስዎ ቢያናግሩት ምናልባት ብላ ስልኩን ለሠራተኛው ሰጠችው። የማውቀውን ዓረብኛ ሁሉ አወጣሁ። የእናትን ነገር፣ የአንድ ቀንን ነገር፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እንዲህ ያለ ዓረብኛ ከሐበሻ ሰምቼ አላውቅም፣ የት ነው የተማርከው አለኝ። ነገርኩት። አላህ ዕውቀት ይጨምርልህ አለ፤ ለእሷ ግን አዲስ ኹሩጅ ያስፈልጋታል፣ አሠሪዋ ይፈርም አለ።

ስልኩን ሲመልስላት ምን እንዳለ ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ይተዉት ጋሼ፣ ሰምቼዋለሁ» አለች።

ወደ አርካዊት ተመለሰች፤ ቤቱ በሩን ከፈተላት፣ ሥራው እንደነበረ ነበር። አሠሪዋ ከካይሮ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አቤቱታውን እንደገና ጻፍኩ፤ በዚህኛው ላይ የሟች እናቷ ቀብር ስለተፈጸመ የሚል ቃል ማስገባት ስለነበረብኝ፣ ከፊሉ ወዲያው ፈረመ። አዲሱ ፈቃድ ሠላሳ ቀን ነበረው። በየትኛው ቀን እንደምትሄድ ስጠይቃት ሲመቸኝ አለች። ለቅሶ ልትደርስ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ቀኑ አያልፍም።